ጥቆማ፦ የቦይለር ቴርሞስታት የት ልግዛ? ማንስ ይቀይርልኝ? (ሰንጋ ተራ)

የሰንጋ ተራዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ። 80 ሊትር ቦይለር አለኝ። ከሰሞኑ ውሃው አይሞቅም። አንድ ልጅ መጥቶ ከታች ያለውን ክዳን ፈታና ቀይዋን ቁልፍ ተጫናት፤ ሁለት ቀን ሠራ። ከዚያ ውሃ ጠፍቶ በመጣ ማግስት እንደገና ቀጥ አለ። «ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) አልቆለታል፣ ይቀየር» ብሎኛል። እህቴ አራስ ሆና እኔ ጋ ናት። ህፃኑን የምናጥበው በድስት ውሃ እያፈላን ነው። ኦርጅናል ቴርሞስታት መርካቶ ይሻላል ፒያሳ? የሚታመን ባለሙያስ ታውቃላችሁ?

የአብነት ልጅ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ተክለሃይማኖት ሂጂ። ከአደባባዩ ወደ መርካቶ ስትሄጂ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አታጪም። ግን አሮጌውን አስፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ። መልኩ አንድ ይመስላል እንጂ የዘንጉ ርዝመት ይለያያል፤ 27 ሴንቲሜትር አለ፣ 45 አለ። የማይገጥም ገዝተሽ «አንመልስም» ይሉሻል። እኔ ሁለት ሱቅ ብጠይቅ አንዱ የሌላኛውን እጥፍ ነው የጠራልኝ። ስለዚህ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቂ አትክፈይ።

የድሮ ፒያሳ፦
እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰውዬ ነው የምገዛው። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር አዛወረ፣ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ኦርጅናሉን ኦርጅናል፣ የቻይናውን የቻይና ብሎ ነው የሚሸጥልኝ። አንድ ቀን አልዋሸኝም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አድራሻውን እሰጥሻለሁ።

እናቴን ብዬ፦
ይቅርታ፣ ሱቁ ይቆይ። መጀመሪያ ይሄን ስሚኝ። ባለፈው ዓመት እኛም ቤት እንዲሁ ቴርሞስታት ተቀየረ። የቀየረው ሰው ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማታ እናቴ ሻወር ገባች። የቧንቧውን እጀታ ስትይዝ ነዘራት። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ጎረቤት በትከሻው ገፍቶ ከፈተልን። ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘናት። ክብር ለፈጣሪ፣ ክንዷ ተጎድቶ ተረፈች። በማግስቱ ሌላ ባለሙያ ክዳኑን ከፈተው። ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ፣ ግራውንዷ፣ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ጫፏ በናስትሮ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተወሽቋል። እናቴ ዛሬም ሻወር የምትገባው ብሬከሩን አጥፍቼ ካሳየኋት በኋላ ነው። እባክሽ፣ የሚቀይርልሽ ሰው ክዳኑን ሳይገጥም ያቺን ሽቦ አሳየኝ በይው።

ቀበና፦
እግዚአብሔር እንኳን አተረፋት። እኛም ሰፈር ውሃው የነዘረው ልጅ ነበር። ለማን አቤት ይባላል ግን?

እናቴን ብዬ፦
ለማንም። ስልኩን ዘግቷል።

አራት ኪሎ፦
እኔ ቦይለር ጣጣ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ሻወሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ፈጣን ማሞቂያ አስገጥሜ ተገላገልኩ።

ቀበና፦
እሱማ ከሁሉም የባሰ ይነዝራል!

ፀሐይ ወዳጅ፦
ሶላር አስገቢ። የመብራት ክፍያ የለ፣ ቴርሞስታት የለ። አዲስ አበባ ከክረምት በቀር ፀሐይ መች ጠፍቷት ያውቃል?

የአብነት ልጅ፦
ሶላር የሚቀመጠው ጣሪያ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ የጋራ ነው። አራስ የምታስታምም ሴት ጎረቤት ሰብስባ ስለ ጣሪያ ታስፈርም? የጠየቀችው አንዲት ቴርሞስታት ነው እኮ።

ፀሐይ ወዳጅ፦
ለበጎ ነው የተናገርኩት። ቁጣው ምንድን ነው?

ባለሙያ ነኝ፦
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ልብ በይ። «ውሃ ጠፍቶ በመጣ ማግስት» ያልሽው ነው ቁም ነገሩ። ቀይዋ ቁልፍ የምትዘለው ውስጡ ከልክ በላይ ሲግል ነው። ያኔ ቴርሞስታቱ ሥራውን ሠራ እንጂ ተበላሸ አይባልም። ስለዚህ ለምን ጋለ ብለሽ ጠይቂ።

ቦይለሩ ላይ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ሴፍቲ ቫልቭ አለ። ውስጡ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ክፍል አለው። እሱ ካረጀ ወይም ጭራሽ ካልተገጠመ፣ ውሃ ሲጠፋ የቦይለሩ ውሃ ቁልቁል ወደ መስመሩ ይመለሳል። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ባዶ ላይ ይግላል፣ ቁልፏ ትዘላለች። ውሃችን በፈረቃ ስለሆነ ይሄ በየቤቱ የማየው ነገር ነው። ሰው ሦስት ቴርሞስታት ይቀይራል፣ ቫልቩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ሁለተኛው ኖራ ነው። ሬዚስታንሱን አስወጪና እዪው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ነገር ከለበሰ ሙቀቱ ወደ ውሃው አይሄድም፣ እዚያው ይታፈናል። የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች ከግድቡ ውሃ ይልቅ ይብሳል። ሲከፈት ጎሚኒውንም (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ላስቲክ) አብረሽ አስቀይሪ፣ አሮጌው ተመልሶ ሲገጠም ያንጠባጥባል።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነና ቁልፏ አሁንም ከዘለለች፣ ያኔ ቴርሞስታት ግዢ። ሲገዛ አምፔሩ ከአሮጌው እንዳያንስ። 60 ዲግሪ ላይ ይደረግ። 80 ሊትሩን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ በ1500 ዋት ሬዚስታንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ቶሎ አልሞቀም ብለሽ እንዳትከፍቺው። 60 ዲግሪ ህፃን ያቃጥላል፤ ሁሌም ቀዝቃዛ ቀላቅለሽ በክንድሽ ለኪው።

የእናቷን ነገር ለጻፈችው፦ ቤትሽ 30 ሚሊአምፔር የተጻፈበት፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር አስገቢ። ግራውንዱም ይኑር፣ እሱም ይኑር። አንዱ ሌላውን አይተካም።

እናቴን ብዬ፦
እድሜ ይስጥህ። እንዲህ ያለ ብሬከር እንዳለ የነገረኝ ሰው የለም። ነገውኑ አስገባለሁ።

የድሮ ፒያሳ፦
ባለሙያው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ዕቃው ከእኔ ሰውዬ ቢገዛ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

የአብነት ልጅ፦
ውሃው ወደ ኋላ የተመለሰው ቫልቩ ስለሌለ ነው እያለህ ነው እኮ ባለሙያው፣ ወንድሜ። ሰውዬህ የውሃ ፈረቃ ያስቀራል?

የድሮ ፒያሳ፦
ቫልቭም ይሸጣል።

አራት ኪሎ፦
የእኔም አሮጌ ቦይለር ስር ቱቦ ላይ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ነገር ነበር። ያ ነው ቫልቩ?

ባለሙያ ነኝ፦
አዎ። ውሃው ሲሞቅ ጥቂት ቢንጠባጠብ ጤነኛ ነው፣ ግፊቱን እያስተነፈሰ ነው። አፉን በቡሽ እንዳትደፍነው። ሲዘጋ አይቼ አውቃለሁ፣ አደገኛ ነው።

አራት ኪሎ፦
ደፍኜዋለሁ። አሁኑኑ ልነቅለው።

የሰንጋ ተራዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ተከፍቶ ታየ። ቫልቩ እንዳላችሁት ነው፣ በአፍ ሲነፋ በሁለቱም በኩል አየር ያሳልፋል። ሬዚስታንሱ ላይ የተራገፈው ኖራ አንድ የቡና ስኒ ይሞላል። ዛሬ ህፃኑ በቦይለር ውሃ ታጠበ፣ ሲታጠብ አላለቀሰም።

የአብነት ልጅ፦
ተመስገን። ቴርሞስታቱንስ ቀየርሽ? ከየት ገዛሽ?

እናቴን ብዬ፦
ግራውንዷን ሽቦ ግን በዓይንሽ አየሻት?