ፍልስፍና ላጥና ብዬ አባዬን እንዴት ላሳምን?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። ፍሬሽማን ጨርሼ ዲፓርትመንት መምረጫው ደርሷል። እኔ ፍልስፍና ብያለሁ፤ አባዬ ደግሞ አካውንቲንግ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ጦሙን አያድርም ባይ ነው። «ፍልስፍና ምን ያበላል?» ሲለኝ ጭጭ አልኩ።

ልቤን የወሰደው የሎጂክ ኮርሱ ነው። በቀደም ሰፈር ውስጥ አንዱ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ፣ ሌላው «አንተ ራስህ ነጋዴ አይደለህ?» ብሎ አፉን አስያዘው። ሁሉም ሳቀ። ሰውየው ተመታ እንጂ ሐሳቡን ማንም አልነካውም! ድሮ ቢሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሌላው የፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ (የንጉሡ አይደለም) «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 እ.ኤ.አ. «የጻፈው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ ነው» አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የሁለቱንም ማስረጃ ራሴ መመዘን እፈልጋለሁ።

ይህ ለአባዬ ወሬ ነው። ሶቅራጥስን እንዳልጠቅስ፣ «እሱም መርዝ ጠጥቶ ነው የሞተው» ይለኛል፤ ደግሞ እውነቱን ነው።

ፍልስፍና የጨረሳችሁ፣ አሁን ምን እየሠራችሁ ነው? በኋላ ሕግ ወይም ሌላ ነገር የጨመራችሁበት አላችሁ? ነጋዴ አባት በሚገባው ቋንቋ ምን ልበለው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ቅጹን ላስገባ ነው።