የማድረቂያው ሙቀት አራስ ክፍል ይግባ ብዬ ጉድ ሆንኩ፤ ቶሎ መልሱልኝ!

የጅማው አባወራ፦
ወገኖች ጅማ ነኝ። ዝናቡ አላባራ ብሏል። ከተሰጣ ሦስት ቀን የሆነው ልብስ ሳይደርቅ መሽተት ጀመረ። ማድረቂያ ማሽን አለን፤ የሚያወጣው ትኩስ አየር በመስኮት ሲባክን ሳይ አንጀቴ አረረ። ግድግዳ በስቼ ቱቦውን አራሷ ወደተኛችበት ክፍል አዞርኩት። ብናኝ እንዳይገባ ጫፉ ላይ የባለቤቴን ስቶኪንግ አሰርኩበት። ሁለት ቀን ገነት ነበር። ዛሬ ግድግዳው ያልበዋል፣ አቡጀዲ ኮርኒሱ መሐሉ ረግቦ ይንጠባጠባል። ማሽኑም ይሽከረከራል እንጂ አይሞቅም። ነገ ንጋት 11 ሰዓት የልጁ ክርስትና ነው! ልብሱም የእናቱ ነጠላም ማሽኑ ውስጥ እንደረጠቡ ናቸው። ምን ላድርግ?

የሄርማታ ልጅ፦
ፊልተሩን አጽዳው።

ቡና ለቃሚ፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! አራሷን ገንፎ አብላ ተባልክ እንጂ በእንፋሎት ቀቅል ማን አለህ? ቦታ ከተረፈ የኔንም ቡና ላምጣና እናድርቀው።

መምህር ነበርኩ፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንድ ሊትር ውሃ ከጨርቅ ላይ እንዲተን ወደ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይበላል። አንድ ዙር ልብስ ተጨምቆም ሁለት ሊትር ውሃ ይዞ ሊገባ ይችላል። ያ ጉልበት አልጠፋም፤ እንፋሎቱ ተሸክሞታል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆንና ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። አንተ ቤት ቀዝቃዛው ግድግዳው ነው። ስለዚህ ያሞቅከው ግድግዳውን ነው እንጂ አራሷን አይደለም። በሁለት ቀን ስንት ዙር አደረቅህ? በሁለት አባዛውና ያን ያህል ሊትር ውሃ ሚስትህ ክፍል ውስጥ ደፍተሃል ማለት ነው። እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ...

ቡና ለቃሚ፦
ጋሼ፣ ሁለተኛው ነጥብ ሳይደርስ ልጁ ይጠመቃል።

ቆጪ፦
ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሐሳቡ ራሱ ስህተት ነው። ያ አየር እኮ ባከነ አይባልም፤ ሥራው ውሃውን ይዞ መውጣት ነው። ጉልበት መቆጠብ ከፈለግህ ልብሱን ከማድረቂያው በፊት ማጠቢያው ላይ ሁለቴ አስጨምቀው። ውሃን በማሽከርከር ማውጣት በሙቀት ከማትነን በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ደግሞ ማሽኑ የኤሌክትሪክ ነው የጋዝ? እሱን ሳትነግረን ምን እንመልስልህ?

የጅማው አባወራ፦
የኤሌክትሪክ ነዋ! ግልጽ መስሎኝ ነው። ቱቦው ከጀርባ የሚወጣ፣ እህቴ ከዱባይ ያመጣችው። ኮርኒሱ ሥር ባልዲ ደቅኛለሁ። እባካችሁ የሚሞቅበትን ንገሩኝ።

የሄርማታ ልጅ፦
ፊልተሩን አጽዳው አልኩ እኮ።

ፍሪጅ ሠሪው፦
ፊልተሩ ብቻ አይደለም፣ ስቶኪንጉ ነው። ብናኙ ከእርጥበቱ ጋር ተጋግሮ አየሩን ዘግቶታል። አየር ሲታፈን ማሽኑ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ መከላከያው ማሞቂያውን ይቆርጠዋል። ከበሮው ግን መዞሩን ይቀጥላል። ያንተ ይሄ ይመስለኛል። አሁኑኑ ከሶኬት ንቀለው። ስቶኪንጉን ጣል፣ ቱቦውን ፈትተህ አራግፍ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይመለሳል። አንዳንዱ ከጀርባው ተጭነህ የምትመልሰው ትንሽ ቁልፍ አለው። ሁለቱም ካልሆነ መከላከያው ተቃጥሎ ይሆናል፣ ይቀየራል። ሠሪ ጠርተህ «ቀጥታ ላገናኝልህ» ካለህ ከደጅ መልሰው። ብናኝ እንደ ክብሪት ነው፤ ቤትህን ያነድብሃል።
ሙቀቱን ካልተውኩ ካልክ፣ አየሩና ሙቀቱ መለየት አለባቸው። ፕላስቲኩን ቱቦ ትተህ በቀጭን ላሜራ አሠራ። ክፍሉን አቋርጦ ወደ ውጭ ይውጣ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ይታሸግ፣ ውሃው ወደ ደጅ እንዲፈስ ትንሽ ያዘቅዝቅ። ላሜራው ይሞቃል፣ ክፍሉም ከላሜራው ይሞቃል፣ እንፋሎቱ ደጅ ይቀራል። ግን አታርዝመው፣ አታጣምመው፣ ቶሎ ቶሎ ክፈትና ጥረገው። ሂት ፓምፕ ያለው ማሽን ይህንኑ ሆዱ ውስጥ ይሠራል፤ ከእርጥቡ አየር ሙቀቱን ነጥቆ መልሶ ለልብሱ ይሰጣል። መብራት የሚበላው በግምት ግማሹን ነው። ዋጋውን ግን አትጠይቀኝ።

ጎረቤት፦
ለዛሬ ማታ ከሰል አቀጣጥለህ ክፍሉ ውስጥ አስገባ፣ ልብሱን ዙሪያውን ዘርጋ። እናቶቻችን እንዲያ ነው ያሳደጉን።

እናት ነኝ፦
ኧረ በማርያም! አራስና ጨቅላ ባሉበት በተዘጋ ክፍል ከሰል? ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፣ ተኝተው ይቀራሉ። የኔ ወንድም፣ አትስማው። መጀመሪያ አራሷንና ልጁን ከዚያ ክፍል አውጣቸው፣ መስኮቱን ክፈት። ከዚያ የልጁን ልብስ በደረቅ ወፍራም ፎጣ ጠቅልልና ቁምበት። አዎ፣ በእግርህ! ፎጣ ቀይረህ ድገመው። ከዚያ ከውስጥ በኩል ተኩሰው። ነጠላውን ግን በቀጥታ እንዳትተኩሰው፣ ጥለቱ ላይ ጨርቅ ጣል። ቬንትሌተር ካለ ፊቱ ስቀለው፣ እስከ ንጋት ይደርቃል።

ቡና ለቃሚ፦
የእናት ነገር! እኛም ቡናውን የሽቦ አልጋ ላይ የምናሰጣው ከሥር ንፋስ እንዲያገኝ ነው። ፀሐይ ብቻውን አይበቃም።

ቆጪ፦
በሐምሌ የምን ቡና ነው የምታደርቀው አንተ?

ቡና ለቃሚ፦
ለቀልድ ነዋ፤ አንተ ደግሞ ሁሉን ታጣራለህ።

የጅማው አባወራ፦
ንቅያለሁ። እነሱም እናቴ ክፍል ገብተዋል። ስቶኪንጉን ስፈታው ውስጡ የተጋገረው ብናኝ እርጥብ ድመት ያክላል፣ ግራጫ። ባለቤቴ ስቶኪንጉን አይታ አላናገረችኝም። ከጀርባው ቀይ ቁልፍ አለ፣ ተጫንኩት፣ ቀጭ አለ። አሁን ልሰካው ስል

የጅማው አባወራ፦
መብራት ሄደ።

እናት ነኝ፦
ፎጣውን ጀምር ወንድሜ። ካውያውን ጎረቤት የከሰል ካለ ተዋስ፣ በረንዳ ላይ ተኩስ።

መምህር ነበርኩ፦
ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመለስ፣ የክፍሉ እርጥበት...

ፍሪጅ ሠሪው፦
መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ባዶውን አስነሣው፣ እጅህን ቱቦው አፍ ላይ አድርገህ አየሩ በደንብ መውጣቱን እይ። ነገ ምን እንደሆነ ጻፍልን።

ቡና ለቃሚ፦
ሳምንት ሆነው። ልጁ ተጠመቀ?

የሄርማታ ልጅ፦
ፊልተሩንስ አጸዳው?