የክረምት ዝግጅት ጥቆማ፦ ማሞቂያ፣ ምጣድ፣ ቡታጋዝ፣ ከሰልና ብርድ ልብስ በአዲስ አበባ

ጠያቂ፦ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የተዛወርነው በቅርቡ ነው። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ አብረውኝ ናቸው፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተናል። ያገኘን ሰው ሁሉ «ክረምቱን ያዝልቃችሁ» እያለ ያስፈራራናል። እናቴ ከአሁኑ ጋቢ ውስጥ ናት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልግዛ ወይስ ሌላ ብልሃት አለ? ቆጣሪው ባለካርድ ነው፤ የምሞላው ብር በምን እንደሚያልቅ አይገባኝም። ቡታጋዝ አስገባ የሚሉኝም አሉ። የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ከጎፋ፦ እንኳን ደህና መጡ። ማሞቂያውን ለጊዜው ይተዉት። ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው 2,000 ዋት የሚወስደው ዓይነት ነው። በምሽት ለአራት ሰዓት ቢያበሩት 8 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ ነው)፣ በወር 240 ይበላል። በመስከረም 2017 የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ክፍያው በእርከን የተከፈለ ስለሆነ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚጠቀም ሰውና ከ500 በላይ የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት እኩል አይከፍሉም። ማሞቂያው የራሱን ሒሳብ ከማስከፈሉ ሌላ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋዎታል። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ታሪፉም አብሮ ይበርዳል ያሉ ጎረቤቶች ነበሩኝ። ካርዳቸውን እንደ ሁሉም ሰው እየሞሉ ነው።

ደግሞም የሸገር ክረምት ብርዱ እንደሚወራለት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚያድርበት በኅዳርና በታኅሣሥ ከዚያም ይወርዳል። ክረምት ላይ የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው፦ የማይደርቅ ልብስ፣ የሚቀዘቅዝ አልጋ፣ ላብ የሚያወጣ ግድግዳ። ክፍሉን ከማሞቅ ይልቅ ሰውየውንና አልጋውን ማሞቅ ይረክሳል። ለእናትዎ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠውን የሙቅ ውሃ ላስቲክ ይግዙላቸው። ሁለት ሊትር ውሃ ለማሞቅ የሚፈጀው ከ0.15 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በጨርቅ ጠቅልለው ከመተኛታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት አልጋው ውስጥ ያስገቡት። ፈልቶ የወረደ ውሃ በቀጥታ አይጨምሩበት፤ ሲያረጅም ይቀይሩት፤ ከስፌቱ ይቀደዳል።

ወደ ካርዱ ልመለስ። ብሩን የሚበሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ምጣድ፣ የገላ ውሃ ማሞቂያና ረጅም ሰዓት የሚፈላ ድስት። አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑንና የስልክ ቻርጀሩን ለቀቅ ያድርጓቸው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት 5 ወይም 6 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። መጀመሪያ ሸክላው እስኪግል ድረስ የሚጠፋው እንጀራ ሳይወጣ የሚከፈል ነውና ሁለት ጊዜ ከመለኮስ ሊጡን አጠራቅሞ አንዴ መጋገር ይሻላል። እኛ ደረጃ ላይ ሁለት ቤት ተነጋግረን በአንድ ምጣድ ተከታትለን እንጋግራለን፤ ሁለተኛዋ ጋጋሪ የጋለ ምጣድ ትረከባለች፤ የፈጀችውን ደግሞ ቆጣሪው ላይ አንብበን እንተሳሰባለን። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱ ጠፍቶ በሸክላው ሙቀት ብቻ ይበስላሉ፤ ትንሽ ዓይናቸው ያንሳል እንጂ ይበላሉ። አዲስ ምጣድ የሚገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ይዩ። ሸክላው ከመጠን በላይ የወፈረ አይሁን፤ ከሸክላው በታች ያለው ክፍል ባዶ ቆርቆሮ ሳይሆን ሙቀት የሚይዝ ነገር የተሞላበት ይሁን፤ አክንባሎው ዙሪያውን ገጥሞ ይቀመጥ። ሻጩ ፊት አክንባሎውን ገጥመው በእጅዎ ያወዛውዙት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እንፋሎቱም ሙቀቱም በዚያ ይወጣል።

ስለ ድስቱ ከድሬዳዋ ለመጣ ሰው የምነግረው የተለየ ነገር አለኝ። እዚያ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ላይ ነው፤ እዚህ ወደ 92 ዝቅ ይላል፤ ከፍታው ነው። ባለቤትዎ «የአዲስ አበባ ባቄላ አይበስልም» ካሉ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንድ ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለውን ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት ነው። ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ሽምብራው፣ ንፍሮው፣ የሥጋ ቅቅሉ ቀድሞ ከሚፈጀው ሰዓት ግማሹን እንኳ አይፈጅም። በኤሌክትሪክም፣ በጋዝም፣ በከሰልም ይሠራል። የክዳኑ ጎማ መለዋወጫ እዚያው ሱቅ የሚሸጥለትን ይምረጡ፤ ጎማው ሲያልቅ መለዋወጫ ከሌለው ተራ ድስት ይሆናል።

ኢንዳክሽን ምድጃ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን ከተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ በተሻለ ወደ ድስቱ ያስገባል። ግን የአልሙኒየም ድስት፣ የሸክላ ድስትና ጀበና አያውቅም። ማግኔት ይዘው ቤትዎ ያለውን ድስት ሁሉ ከሥሩ ይሞክሩ። ካልያዘ ከምድጃው ጋር አዲስ ድስት መግዛትዎን አብረው ያስቡ። ለብዙ ቤት ሒሳቡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የገላ ውሃ፦ 50 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ እስከ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሌት ተቀን ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ማንም ሳይታጠብበትም እየቀዘቀዘ እየሞቀ ይኖራል። ከመታጠብዎ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ያብሩት፣ ተከታትላችሁ ታጠቡ፣ አጥፉት። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በበጋ ወርቅ ነው፤ በሐምሌ ግን ደመናው ስለማያሠራው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ካልሆነ አይተማመኑበት። ተከራይም ስለሆኑ ለባለቤቱ ይተዉለት።

ከሳሪስ፦ ከላይ የተጻፈው ሁሉ መብራት ሲኖር ነው! ክረምት ነፋስና ዝናብ ሲበረታ መብራት ሄደ ማለት ምሳም ሄደ ማለት ነው። ልጆች ያሉት ቤት ቡታጋዝ ከሌለው ምን ይሆናል? እኔ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ አለኝ፤ ሻይ፣ ሽሮ፣ የልጆች ገንፎ ሁሉ በሱ ነው። ቶሎ ያበስላል፤ ጭስ የለው።

ከጎፋ፦ ቡታጋዝ አያስገቡ አላልኩም፤ ዋና ማብሰያ ይሁን ወይስ መጠባበቂያ የሚለው ነው ሒሳቡ። በ12 ተኩል ኪሎ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ሙቀት 160 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የጋዝ እሳት በድስቱ ጎን ብዙ ስለሚያመልጥ በተግባር ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ 120 ኪሎዋት ሰዓት እንደ ማቃጠል ይቆጠራል። ስለዚህ ዛሬ ሰፈርዎ ሲሊንደር የሚሞላበትን ዋጋ ለ120 ያካፍሉና እርስዎ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከሚከፍሉት ጋር ያስተያዩት። ጋዙ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ሒሳብ ሁልጊዜ ወደ መጠባበቂያነት ያደላል። ለመብራት መጥፊያና ለችኮላ ጊዜ ግን እስማማለሁ።

ሲሊንደር ሲሞሉ ሚዛን ላይ ሳያስቀምጡ አይቀበሉ። የባዶው ክብደት ብረቱ ላይ ተመትቶ ተጽፏል፤ ያንን ሲቀንሱ የሚቀረው ጋዙ ነው። ቤት ሲደርሱም ሬጉላተሩንና ቱቦውን በሳሙና አረፋ ይቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ሰው ካዩ ከዚያ ቤት ይውጡ።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፦ ልጆቼ፣ ስለ ከሰል ማንም አላነሳም፤ ቡናው በምን ሊፈላ ነው? ከሰል የሚገዛው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚመጣው ዝናብ የጠጣ ነው፤ ክብደቱ ውሃ፣ እሳቱ ጭስ። ማዳበሪያውን ከአፉ ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ከላይ ጉማጁን ደርድሮ ከሥር ብናኝ የሚሞላ ነጋዴ ሞልቷል። እጃችሁን ወደ መሐል ስደዱ ወይም አስገልብጡ። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ያልቃል። የግራር ከሰል ለመያያዝ ያስቸግራል እንጂ አንዴ ከያዘ ሦስት ጀበና ያፈላል። ከአዊ በኩል የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰልም አሁን በብዛት አለ፤ እኔ መሐል ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ዋጋው ከግራር ካነሰ ውሰዱት።

ምድጃው ላቀች የሚባለው ይሁን። ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል ይባላል፤ እኔም እንደዚያው አየዋለሁ። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ስትገዙ ግን ሸክላውን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ በደንብ አልተተኮሰም ወይም ተሰንጥቋል። ሸክላውና ቆርቆሮው መካከል በሲሚንቶ ያልተያዘውም በወሩ ይወላልቃል። ቅርፁን ብቻ አስመስሎ የተሠራ ብዙ አለ፤ ርካሽ ነው፤ አትግዙት። ግቢ ያላችሁና በእንጨት ወይም በሰጋቱራ የምትጋግሩ ደግሞ «ምርት» የሚባለውን ምድጃ አስተክሉ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱም ዓይን አያጠፋም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማይታሰብ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ አልቆ የቀላው ፍም ነው ገዳዩ፤ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ በዚያው ይወስዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ቤተሰብ በሙሉ አለቀ የሚል ወሬ የምንሰማው ከዚሁ ነው። ገላ መታጠቢያ ቤት ማሞቂያ ብሎ ማስገባትም ያው ነው። ቡናው ሲያልቅ ፍሙን በረንዳ አውጥታችሁ በቆርቆሮ ክደኑት፤ ይጠፋል፤ ነገ መልሳችሁ ታያይዙታላችሁ። ራሱን ያዞረው ሰው ካለ ቶሎ ወደ ውጭ አየር ማውጣት ነው። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ስልክ 939 ነው፤ በሩ ላይ ለጥፉት።

ከደብረ ብርሃን፦ አዲስ አበባ ብርድ አለ ስትሉ ፈገግ እላለሁ። እኛ ዘንድ ውርጭ የሚወርደው ከጥቅምት በኋላ ስለሆነ ልምዱ አለን። ለልጆችም ለእናትዎም በገበያ የሚቸበቸበውን የሚያብረቀርቅ የፖሊስተር ብርድ ልብስ ብቻ አይደራርቡ፤ ላብ ይዞ ያድራል፣ ይቀዘቅዛል። ከሥር ጋቢ፣ ከላይ የሱፍ ብርድ ልብስ። የከተማችን ፋብሪካ ብርድ ልብስ የታወቀ ነው፤ ከመንዝ የሚመጣው ባና የሚባለው የሱፍ ልብስ ደግሞ ይኮሰኩሳል እንጂ ሙቀቱን የሚስተካከለው የለም። ጋቢ ሽሮ ሜዳ ሲገዙ ጠርዙን ከፍተው አራት ድርብ መሆኑን ይቁጠሩ፤ ወደ ብርሃን ይያዙትና ይመልከቱ፤ ሸማው ሳስቶ ከታየ ለበዓል እንጂ ለብርድ አይሆንም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ስለ ባናው ከሰማች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ማግኔቱን ሞከርኩ፤ ከስድስት ድስት የያዘው አንዱ ብቻ ነው፤ ኢንዳክሽኑ ቀርቷል። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ፦ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማቀዝቀዣው እንዳይቃጠል ምን ላድርግ? የፀሐይ መብራትስ ይጠቅማል? አክስቴ ደግሞ ኮልፌ የቆርቆሮ ቤት አላት፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ማንን እናሠራ?

ከጎፋ፦ ማቀዝቀዣው ላይ በራሱ ቆርጦ ትንሽ ቆይቶ የሚመልሰውን የኃይል መከላከያ ይሰኩለት፤ ምጣድ እዚያ ላይ እንዳይሰኩ ብቻ፣ አይሸከመውም። መብራት ከሄደ 905 ደውለው ያስመዝግቡ፤ ጎረቤት ደውሏል ብለው አይተዉት። የፀሐይ ፋኖስ በስልክ ቻርጀርም የሚሞላውን ዓይነት ይግዙ፤ በሐምሌ ደመና ፀሐይ ብቻ የሚጠብቀው እኩለ ሌሊት ላይ ይከዳል።

ከኮልፌ፦ የጣሪያውን እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ነው። አክስትዎ ቆርቆሮ ከመቀየራቸው በፊት ሚስማሮቹን ያስፈትሹ። አብዛኛው የሚያፈሰው ቆርቆሮው ተበስቶ ሳይሆን የሚስማሩ ጎማ ደርቆ ነው፤ እሱን መለወጥ ከአዲስ ጣሪያ በብዙ ይረክሳል። የተበሳውን በማጣበቂያ ብቻ ደፍኖ የሚሄደው ሠራተኛ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲወጣ ማጣበቂያው ይነሳል። አሸንዳው ውስጥ ያለውን ቅጠል ሰኔ ሳይገባ ያስጠርጉ፤ ሲሞላ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው ይወርዳልና ሰው ጣሪያው ነው የሚያፈሰው ይላል። ኮርኒስ ከሌላቸው አቡጀዲም ቢሆን ያስወጥሩ፤ ሌሊቱ ላይ ልዩነቱን ያዩታል። ዋጋ ሲዋዋሉ ግማሹን ሥራው ሲጀመር፣ ቀሪውን ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ብለው ይስማሙ። በዚህ የማይስማማ ሠራተኛ ካጋጠማቸው ሌላ ይፈልጉ።