ጥቆማ፦ እንግሊዝኛ አስተማሪ ለምትሆን ልጅ የት ይሻላል?

የስድስት ኪሎዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ስድስት ኪሎ የእንግሊዝኛ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስጨርስ ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ) ወስጄ ሃይስኩል ማስተማር ነው ሐሳቤ። ማንበቡም መጻፉም አያቅተኝም፣ ሰው ፊት ስቆም ግን አፌ ይተሳሰራል። የግቢው የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከል ይበቃኛል ወይስ አራት ኪሎ አካባቢ የግል ማሠልጠኛ ልግባ?

ቢኒ ዘፒያሳ፦ እህቴ፣ ተጠንቀቂ። እኔ አንዱ ጋ የሦስት ወር ከፈልኩ። "ስፒኪንግ" ብለው መዘገቡኝ። ክፍሉ ጢም ብሏል። አስተማሪው ፎቶ ኮፒ ያድለንና ባዶ ቦታ ያስሞላናል። በሦስት ወር አፌን የከፈትኩት ስሜ ሲጠራ "የስ" ለማለት ብቻ ነው። ብሬን ስጠይቅ ደረሰኙን አዙረው "አይመለስም" የሚለውን አሳዩኝ።

ማርቲ፦ እኔንም እንደዚሁ! ደረሰኝ እንኳ አልሰጡኝም።

ጎበዜ፦ ሦስት ወር ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር? በሁለተኛው ሳምንት አይወጣም?

ቢኒ ዘፒያሳ፦ ወንድሜ፣ ብሩ የእናቴ ነበር። ጥዬው መውጣት አቃተኝ።

ሰሊ፦ የውጭ ቋንቋ ከሆነ አሊያንስ፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩበት ቤት ግቢ። በፈረንጆች ከ1907 ጀምሮ ያለ ቤት ነው።

ማርቲ፦ እናት፣ የጠየቀችው እንግሊዝኛ ነው።

ሰሊ፦ ይሁን፣ ፈረንሳይኛም ይጠቅማታል። እኔ ከአሊያንስ ሌላ ቤት አልጠቁምም።

ጠመኔ፦ ልጄ፣ እኔ ሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ብር ከማውጣትሽ በፊት የግቢሽን ማዕከል ተጠቀሚበት። ለአስተማሪ ትልቁ ነገር የክፍል ቋንቋ ነው። "ጥንድ ጥንድ ሁኑ፣ ሁለት ደቂቃ አላችሁ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳትደናቀፊ ማለት አለብሽ። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ባዶ ክፍል ግቡና በየተራ አስር አስር ደቂቃ አስተምሩ። በስልክ ቅረጹት። እኔ ራሴን ስሰማ ደንግጫለሁ፤ መርከቡንም በጉንም አንድ አድርጌ "ሺፕ" እል ነበር። በፊደላችን ስንጽፋቸው አይለዩም፤ በእንግሊዝኛ ግን የበጉ ሳብ፣ የመርከቡ አጠር ይላል። "ስኩል"ንም "እስኩል" እንዳትይ። ልጆቹ የሚይዙት ያንቺን አፍ ነው። የብሪቲሽ ካውንስል "ቲቺንግ ኢንግሊሽ" ድረ ገጽም ለመምህራን የተዘጋጀ ነው፤ በነፃ ብዙ ታገኚበታለሽ።

የስድስት ኪሎዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ባዶ ክፍል የሚገኘው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ጥበቃዎቹን አናግራለሁ።

ማርቲ፦ ቢኒ፣ ያ ፎቁ ላይ ያለው ነው እንዴ? በውስጥ ንገረኝ።

ጎበዜ፦ ቢኒ፣ ስለ እናትህ አላወቅኩም፣ ይቅርታ። ታዲያ የቱን መረጥሽ እህቴ?

ሰሊ፦ የአሊያንስ ምዝገባ ሲከፈት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።