«በአንዱ አሥር እንተክላለን» መልስ ይሆናል ወይ?

የጽድ ወዳጅ፦
የተማርኩበት ግቢ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት የነበሩትን ትልልቅ የሐበሻ ጽዶች አስቆረጠ። ለአዲስ ሕንፃና ለመኪና ማቆሚያ ነው አሉ። ተማሪዎች ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «አትጨነቁ፣ በአንዱ አሥር እንተክላለን» የሚል ነው። በጣም ነው ያናደደኝ። ጽድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ዛሬ የተተከለው እነዚያን የሚያክለው በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው። እስከዚያ ተማሪው የት ይጠለል? አሥሩስ የት ይተከላሉ? ቦታው እኮ ሲሚንቶ ሆኗል።

ሲቪሉ፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ሕንፃው ቅንጦት አይደለም። ተማሪው በዝቷል፣ ላብራቶሪ የለም፣ ዶርም ተጨናንቋል። ዛፍ አለ ተብሎ ግንባታ አይቆምም። ምንም አንተክልም ቢሉስ ኖሮ? በአንዱ አሥር ጥሩ ሐሳብ ነው።

የጽድ ወዳጅ፦
ሕንፃ አይሠራ አላልኩም። ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ መንደፍ አይቻልም ነበር? ሲቪል መሐንዲሱ አንተ ነህ፣ ንገረኝ።

ሲቪሉ፦
ይቻላል። ሰርቬይ ሲሠራ ዛፎቹ ፕላኑ ላይ ከገቡ ይቻላል። ብዙ ጊዜ አይገቡም። እሱ ላይ እውነት አለሽ። የመኪና ማቆሚያውማ ዛፍ መሀል ቢሆን ለመኪናውም ጥላ ነበር።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
እኔን ያንገበገበኝ «አሥር» የምትለዋ ናት። አሥር ምን? አሥር ግራቪሊያ የሚባለው የውጭ ዛፍ? አሥር የፈረንጅ ጽድ? ደግሞስ ማን ያሳድጋቸዋል? ችግኝ የሚተከለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ አብዛኛው ተማሪ ቤተሰቡ ጋ ነው። ጂሲው (ተመራቂው ተማሪ) ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ያበቃል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ጉድጓዱ ከክረምት በፊት ተቆፍሮ መቆየት አለበት። ሲተከል ፕላስቲኩ መውለቅ አለበት፣ አለዚያ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀራል። ማረም አለ፣ ከከብትና ከፍየል ማጠር አለ። ቢያንስ ሁለት በጋ ውሃ ይፈልጋል። በአንዱ አሥር ያሉት ሰዎች ለዚህ በጀት ይዘዋል ወይ?

የ2011 ተካይ፦
ሁልጊዜ ተከላ ሲነሣ ማጣጣል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ከጓደኞቼ ጋር ግቢያችን ውስጥ ተክያለሁ። ብዙዎቹ ዛሬ በቁመት ይበልጡኛል። አገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላት። ብዙ ግቢ የተሠራው እርሻ መሬት ላይ ነው። እኛ ስንገባ ባዶ ሜዳ ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላውን ያመጣው ዘመቻው ነው። «ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል» ብሎ የሰው ልፋት መናቅ ነውር ነው።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
ልፋትህን አልናቅኩም። የተከልካቸውን ማን አጠጣቸው?

የ2011 ተካይ፦
የግቢው አትክልተኞች። በቦቴም በጀሪካንም።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
እኔም ያልኩት እሱን ነው።

የ2011 ተካይ፦
አይደለም። «ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል» ነው ያልከው። ወደ ላይ ወጥተህ አንብበው። እኔ አልሄድኩም። ክረምቱን እዚያው ነበርኩ።

አትክልተኛዋ፦
በጀሪካን የምናጠጣው እኛ ነን። በተከላው ቀን ሰው ግቢውን ይሞላዋል። ጥር ላይ ግን እኛው ብቻ ነን። ዶርም ውሃ ሲጠፋ ለችግኝ ስንቀዳ ተማሪ ይቆጣናል። አልፈርድበትም። ግን ካፌ አትክልትና እህል የሚታጠብበት ውሃ ዝም ብሎ ቱቦ ይገባል። እሱን በበርሜል ቢያጠራቅሙልን ስንቱ ችግኝ ይድን ነበር። ጠይቀናል። በጀት የለም አሉን።

ሦስተኛ ዓመት፦
ከሚቆጡት አንዱ እኔ ነኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን ነው ውሃ የምንቀዳው። ለዛፍ ውሃ አለ፣ ለእኛ የለም ሲባል ይከፋል። የካፌውን ውሃ ነገር ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ለበርሜል ደግሞ ምን በጀት ያስፈልጋል? ክበባችን ያዋጣል። እናቴ፣ የትኛው ግቢ እንደሆነ በውስጥ ይጻፉልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ስለ ጽዱ ያላችሁት ልክ ነው። መቆረጥ ካለበት በየግቢው ጀርባ የተደረደረው ባሕር ዛፍ ይቆረጥ። በምትኩ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት ይግባ።

ሲቪሉ፦
ጋሼ፣ አይቆጡኝና ባሕር ዛፍ ላይ አይፍረዱ። በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነው። እስከዛሬ ለሕንፃ ግንባታ የምንወጣበት አጣና ባሕር ዛፍ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ለማገዶና ለአጣና ገበሬው ይትከለው፣ ይጠቀምበት። ዩኒቨርሲቲ ግን የሚያስተምር ዛፍ ያስፈልገዋል። የባዮሎጂ ተማሪ ኮሶን በሥዕል ብቻ አይቶ ይመረቃል። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከነአጸዱ ነው ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው። እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ነው ያጠናነው። ለእኛ ያን ያህል ከቆየልን፣ እኛ ለቀጣዩ ምን እያቆየን ነው?

ሦስተኛ ዓመት፦
ጋሼ፣ የእኛን ግቢ ጃካራንዳስ ምን ልናደርገው ነው? እሱም እኮ የውጭ ነው። ሲያብብ ግቢው ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል። የሚነካው ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
ያለውን ማንም አይነካም። አዲስ ሲተከል የአገር በቀሉ ይቅደም ነው።

የጽድ ወዳጅ፦
ሲቪሉ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አሥር እንተክላለን ያሉት ሰዎች በሦስተኛው ዓመት ስንቱ እንደጸደቀ ቆጥረው ይለጥፉ ብንላቸው ትደግፋለህ?

ሲቪሉ፦
እደግፋለሁ። ሕንፃውን ግን አልቃወምም።

የ2011 ተካይ፦
እኔ ቅዳሜ ግቢ እሄዳለሁ። የተከልናቸውን እያንዳንዳቸውን አሳያችኋለሁ።

የወንዶ ገነት ልጅ፦
ስትሄድ ኮብልስቶኑ እስከ ግንዳቸው ድረስ ተነጥፎ እንደሆነ እይልኝ። ሥሩ ውሃና አየር ካላገኘ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

የ2011 ተካይ፦
አሁን ደግሞ ኮብልስቶን አመጣህ? መጀመሪያ «ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል» ያልከውን አንሣ።