«አይም አፍሬድ» ሲሉ ምኑን ነው የሚፈሩት? (የእራት ጥሪን በእንግሊዝኛ ስለመመለስ)

ጥያቄ፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ

ሰላም ለሁላችሁ። አብራን የምትሠራ እንግሊዛዊት መምህርት እኔንና ባለቤቴን ለቅዳሜ እራት ጠርታናለች። የጥሪው ካርድ ግርጌ ላይ «አር ኤስ ቪ ፒ» ይላል። ቅዳሜ ግን አጋሮ የአጎቴ ልጅ ሰርግ አለብን። የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «አይ ዊል ኖት ካም ቢኮዝ አይ ሃቭ ኖ ታይም። ፕሊስ ፎርጊቭ ሚ።» ጓደኛዬ አየውና «አይም አፍሬድ ብለህ ጀምር» አለኝ። ምኑን ነው የምፈራው? እባካችሁ አርሙልኝ።

መልስ

ወንድሜ፣ የምትፈራው ነገር የለም። «አይም አፍሬድ» እዚህ ቦታ ላይ ከፍርሃት ጋር አይገናኝም። ደስ የማይል ነገር ከመናገራቸው በፊት የሚያስቀድሟት ማለስለሻ ናት። ሱቅ ሄደህ ሻጩ «አይም አፍሬድ ዊ አር ክሎዝድ» ቢልህ «ይቅርታ፣ ዘግተናል» ማለቱ ነው። እኛ «ምን ላድርግ፣ አልተመቸኝም» በምንልበት ቦታ ትገባለች። ጓደኛህ ልክ ነው።

አሁን ወደ ጻፍከው እንምጣ። ሰዋስዉ ምንም አይልም። ስሜቱ ግን ሻካራ ነው። «አይ ዊል ኖት ካም» ሲነበብ «አልመጣም፣ በቃ» ይመስላል። መምጣት ፈልገህ እንዳልቻልክ አይናገርም። «ዊ ዎንት ቢ ኤብል ቱ ካም» ብትል «መምጣት አንችልም» ይሆናል፤ እምቢታው ይወጣለታል። «ኖ ታይም» ደግሞ በአማርኛም ቢሆን ይቀዘቅዛል። «ላንቺ የሚሆን ጊዜ የለኝም» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ሰርግ እያለህ ለምን ትደብቀዋለህ? እውነተኛውን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈውና እለፍ።

«ፎርጊቭ ሚ» ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ «ይቅርታ» ሰፊ ነው። በሰው መሀል ለማለፍም፣ የተጣላን ለማስታረቅም ያገለግላል። «ፎርጊቭ» ግን ብዙውን ጊዜ ከባድ በደል ይፈልጋል። እራት መቅረት በደል አይደለም። ሴትየዋ «ምን አድርጎኝ ነው?» ብላ ትደነግጣለች። አንድ «ሶሪ» ይበቃል፤ «አይም አፍሬድ» ካልክ እሱም ላያስፈልግ ይችላል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ታንክ ዩ ሶ መች ፎር ኢንቫይቲንግ አስ ቱ ዲነር ኦን ሳተርደይ። አይም አፍሬድ ዊ ካንት ሜክ ኢት፣ አዝ ማይ ካዝን ኢዝ ጌቲንግ ሜሪድ ኢን አጋሮ ዛት ዴይ። ዊ ዉድ ላቭ ቱ ሲ ዩ ሱን። ዉድ ዩ ካም ቱ አስ ፎር ኮፊ ዘ ሳንደይ አፍተር? ሃቭ ኤ ላቭሊ ኢቭኒንግ።»

ወደ እኛ ሲመለስ፦ «ቅዳሜ ለእራት ስለጠራሽን በጣም እናመሰግናለን። የአጎቴ ልጅ በዕለቱ አጋሮ ስለሚያገባ መገኘት ሳንችል ቀረን። በቅርቡ ብናገኝሽ ደስ ይለናል። በሳምንቱ እሑድ እኛ ቤት ቡና ትመጫለሽ? መልካም ምሽት ይሁንላችሁ።»

«ሜክ ኢት» እዚህ መሥራት ሳይሆን መድረስ፣ መገኘት ነው። ምስጋናው እንደቀደመ ልብ በል። «አንችልም» የሚለው ወዲያው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መጣ። የቡናው ግብዣ ግን ከልብ ከሆነ ብቻ ይግባ። ቀን ቆርጠህ ጽፈሃል፤ ሴትየዋ ትመጣለች።

«አር ኤስ ቪ ፒ» ከፈረንሳይኛ የመጣ አጽሕሮት ነው፤ «እባክዎ መልስ ይስጡ» ማለት ነው። አደራህን፣ ቀላል ነገር አይምሰልህ። እኛ ሰርግ ላይ «ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ» እንላለን። ጥሪ የሚከበረው በመምጣት ነው፣ ስለዚህ «አልችልም» ብሎ መጻፍ ያሳፍረናል፤ ዝም ማለት ይቀለናል። እኛ ቤት አንድ ሰው ቢጨመር ወይም ቢቀር ችግር የለም፣ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። እሷ ግን ወንበርና ሳህን ቆጥራ ነው የምታሰናዳው። እሷን የምታከብራት ቶሎ በመመለስ ነው።

በተለይ «አይል ትራይ» እንዳትል። እኛ ጋ «እሞክራለሁ» ብዙ ጊዜ ጨዋ «አይ» ነው፤ ጠሪውም ይገባዋል። እሷ ግን ሳህን አስቀምጣ ትጠብቅሃለች።

«ዲክላይን» የሚለው ቃል በአክብሮት አለመቀበል ነው፣ ግን ለወዳጅ ደብዳቤ ይከብዳል። «ሪፊዩዝ» (እምቢ ማለት) እና «ሪጀክት» (አልፈልግም ብሎ መጣል) ጭራሽ አይገቡም።

ሌላ አባል

ጋሼ፣ የጻፉት ጥሩ ነው፤ ግን አላጠረም? እኛ ጅማ ሰው እንዲህ በሦስት መስመር «አልመጣም» ቢለን «ናቀን» እንላለን። ደግሞ «ሬይን ቼክ» የሚባለውስ? ፊልም ላይ ሰምቼዋለሁ። ለጅማ ዝናብ የተፈጠረ ይመስላል።

መልስ

እህቴ፣ ንቀቱ በርዝመት አይለካም። እንግሊዝኛ ላይ ምክንያት ሲበዛ ጥርጣሬ ይመጣል፤ «ሰርግ አለ፣ ልጄም አሞታል፣ መኪናም የለም» ካልሽ የትኛውንም አያምኑሽም። ደብዳቤው ቀዘቀዘ ካልሽ ምስጋናውን አርዝሚው። «ኢት ዋዝ ሶ ካይንድ ኦፍ ዩ ቱ ቲንክ ኦፍ አስ» ጨምሪበት፤ «ስላሰብሽን ደግነትሽ ነው» ማለት ነው።

«ሬይን ቼክ» የአሜሪካኖች ነው፣ ከቤዝቦል የመጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን የሚገባበት ቲኬት ይሰጠው ነበር። ዛሬ «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» ማለት «ለሌላ ጊዜ ይደርልኝ» ነው። ለቅርብ ሰው በስልክ መልእክት ያምራል። ለእንግሊዛዊቷ ግን «አናዘር ታይም» («ሌላ ጊዜ») ይሻላል፣ የራሷ አነጋገር ነው። ጠያቂያችን፣ ካርዱ የደረሰህ መቼ ነው? ዛሬውኑ ላክላት፤ ገበያ ሳትወጣ ይድረሳት።