ጊታሬ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ዝዝ ይላል፣ ባጠበቅኩት ቁጥር ባሰበት

ጠያቂው፦
ሰላም ወገኖች። የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው፣ ባለ 22 ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች)፣ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። የክሮቹ ውፍረት ከ10 እስከ 46 (በሺኛ ኢንች) ነው። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ላይ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት ስጫን ዝዝ ማለት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከ12ኛው ወዲያ ጥርት ያለ ነው። ክሊን (ያልሻከረ) ድምፅ ላይ ሆኜ፣ በተለይ ትዝታ ስጫወትና ድምፁ እንዲቆይልኝ ስፈልግ፣ ወዲያው ይሞትብኛል። አንድ ጓደኛዬ "አንገቱ ጎብጧል፣ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) አጥብቀው" አለኝ። በሁለት ቀን ግማሽ ዙር አጠበቅኩት፣ ባሰበት። አሁን ስድስተኛው (ከሁሉም ወፍራሙ) ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ጭራሽ አይጮህም ማለት ይቻላል። ዓርብ ማታ ስታዲየም አካባቢ ሥራ አለን፣ ሌላ ጊታር የለኝም። እንዳልሰብረው ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ?

አንድ አባል፦
ወንድሜ፣ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ያሉትን ሳድሎች፣ ማለትም እያንዳንዱን ክር የሚሸከሙትን ትንንሽ ብረቶች፣ በትንሿ ብሩጎላ ከፍ ከፍ አድርጋቸው። እኔ በዚያ ነው የተገላገልኩት።

ጥገና የሚሠሩ አባል፦
ሳድል ማንሳት የሚያድነው ከላይ ያሉትን፣ ወደ አካሉ የሚጠጉትን ፍሬቶች ነው። ሳድሉን 1 ሚሊ ብታነሳው 12ኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊ ታገኛለህ፣ አንደኛው ፍሬት ላይ ግን 0.06 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ችግርህ ታች እያለ ላዩን ታከብደዋለህ።

መጀመሪያ ትረስ ሮዱን ማጥበቅ አቁም። ብረቱን ወደ ቀኝ ስታዞር አንገቱን ወደ ኋላ ይስበዋል። ወደ ግራ ስታላላው ክሮቹ አንገቱን በመጠኑ ወደ ፊት ያጎብጡታል። ሪሊፍ የምንለው ይህቺን ትንሽ ጉብጠት ነው። ክር ሲርገበገብ መሀሉ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። አንገቱ ጭራሽ ቀጥ ካለ ወይም ወደ ኋላ ከዞረ፣ የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች ስትጫን ክሩ ከፊቱ ያሉትን ፍሬቶች ይመታል። የጻፍከው ምልክት ይሄው ነው። የጓደኛህ ምክር የሚሠራው አንገቱ ከልክ በላይ ወደ ፊት ሲጎብጥ፣ ማለትም ክሮቹ አንገቱ መሀል ላይ ርቀው ለጣት ሲከብዱ ነው።

አሁን ለካው። ጊታሩን ቃኝተህ እንደምትጫወትበት አድርገህ ያዘው፣ ጠረጴዛ ላይ አታስተኛው። አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንዴ የሚጫን መቆንጠጫ) እሰር፣ ስድስተኛውን ክር አንገቱና አካሉ የሚገናኙበት ፍሬት ላይ ተጫን፣ 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ። የፍሬትቦርዱ (ፍሬቶቹ የተሰኩበት የአንገቱ ገጽ) የጥምዘት ራዲየስ ከ9.5 እስከ 12 ኢንች ለሆነ ጊታር፣ የስትራቶካስተር ሠሪው ፌንደር የሚመክረው 0.25 ሚሊ ገደማ ነው። መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ፊለር ካገኘህ ጥሩ፣ ሱማሌ ተራ አይጠፋም። ካጣህም አትቸገር። ያንተ አንደኛ ክር ባለ 10 ነው፣ ውፍረቱ ራሱ 0.25 ሚሊ ነው። ከአሮጌ ክር ጣት የምታህል ቆርጠህ ከስር አስገባት። ስድስተኛውን ክር ሳታነሳው ነካ አድርጋ ካለፈች ልኩ ላይ ነህ።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አሁን ልምምድ ቤት ነኝ፣ እንዳሉኝ አደረግኩት። የተቆረጠችው ክር ከ7ኛው እስከ 9ኛው ፍሬት የትም አትገባም። ስድስተኛው ክር ፍሬቶቹ ላይ ተኝቷል፣ በጣቴ ብመታው ንቅንቅ አይልም። ያልገባኝ ግን፣ ግማሽ ዙር ከማጥበቄ በፊትም ዝዝ ይል ነበር። መጀመሪያ ምን ነካው?

ቤዝ የምትጫወት አባል፦
ከሦስት ሳምንት በፊት የቀየርከው ነገር አለ? የክር ውፍረት? ቅኝት?

ጠያቂው፦
ክር አልቀየርኩም። ቅኝት ግን አዎ እህቴ፣ አዲሷ ድምፃዊታችን ወረድ ስለሚስማማት ሁላችንም አንድ ሙሉ ድምፅ አውርደናል። ይሄ ከዚያ ጋር ይገናኛል እንዴ?

ቤዝ የምትጫወት አባል፦
ያ ነው! እኔም ደርሶብኛል። ከ10 እስከ 46 ያለው ክር በመደበኛው ቅኝት ስድስቱም ተደምሮ ወደ 47 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይስባል። አንድ ሙሉ ድምፅ ስታወርድ አንድ አምስተኛው ይቀንሳል፣ ወደ 37 ኪሎ ይወርዳል። ትረስ ሮዱ ግን በድሮው ልክ እየጎተተ ነው። ክሮቹ ሲደክሙ ብረቱ አሸነፈ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ሄደ። በዚያ ላይ አንተ ለብረቱ ግማሽ ዙር ጨመርክለት።

ክራርም ጊታርም የሚጫወት አባል፦
እኔን ያሳሳተኝ ክራር ነው። ክራርን ከትዝታ ወደ ባቲ ስትቀይረው ክሩን እንጂ ሌላ የሚነካ ነገር የለም፣ ፍሬትም አንገትም የለውም። ጊታርን ግን እንደዚያ እያወጣሁ እያወረድኩ ለምን እንደሚበላሽብኝ ሳላውቅ ዓመታት ቆይቻለሁ። አየሩንም አትርሳው። ከጥቅምት ወዲህ አዲስ አበባ ስትደርቅ የእኔ ጊታር የፍሬቶቹ ጫፍ ይወጣና መዳፌን ይቧጭረኛል፣ እንጨቱ ደርቆ ስለሚሰበሰብ ነው። ክረምት ሲገባ ይመለሳል። በየወቅቱ አንዴ መለካት ይኖርብሃል።

ጥገና የሚሠሩ አባል፦
የእህታችን መልስ ልክ ነው። ዓርብም በዚሁ ቅኝት የምትጫወቱ ከሆነ ጊታሩን በዚህ ቅኝት እናስተካክለው። መጀመሪያ ያጠበቅከውን ግማሽ ዙር መልስ፣ በአንድ ጊዜ ግን አይደለም። ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ እንደገና ቃኝ፣ ለካ፣ ከዚያ ሌላ ሩብ። ሳትቃኝ የለካኸው ዋጋ የለውም፣ አንገቱ ሲንቀሳቀስ ቅኝቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከግማሹ በኋላ በስምንተኛ ዙር ሂድ።

ትረስ ሮዱን ስለምታዞርበት ብሩጎላ አደራ። የአሜሪካ ፌንደር ብዙውን ጊዜ 1/8 ኢንች ነው፣ ማለትም 3.18 ሚሊ። ባለ 3 ሚሊው ይገባል፣ ግን ይላላል፣ ሁለት ሦስቴ ስታዞረው የብሎኑን ማዕዘን ይበላዋል። የተበላ ብሎን ይዘው የሚመጡ ልጆች ሳይ ሁሌም ያመኛል፣ ምክንያቱም ጊታሩ ደህና ሆኖ ሳለ አንገቱ ሊጣል ይችላል። እስከ መጨረሻው ግፋው፣ ሲወዛወዝ ከተሰማህ አታዙር፣ ልኩን ፈልግ።

ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ላልቶ አንገቱ አሁንም ቀጥ ካለ፣ ብረቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ዓይነት ነው ማለት ነው። ያኔ ወፍራም ክር አድርግ። ከ11 እስከ 49 ያለው አንድ ድምፅ ወርዶም ቢሆን ወደ 42 ኪሎ ይስባል።

ጠያቂው (ሐሙስ ጠዋት)፦
ትናንት ማታ ግማሹን መለስኩ፣ ትንሽ ብርሃን ታየ፣ ክሯ ግን አልገባችም። ሁለት ስምንተኛ ዙር ደግሞ አላላሁና እዚያው ተውኩት። አሳድሬው ዛሬ ስለካው የተቆረጠችው ክር 8ኛው ፍሬት ላይ ነካ አድርጋ አለፈች! ስድስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) እንኳ እንደ ደወል ይጮሃል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ አራተኛው ክር ሳልጫነው ባዶውን ስመታው ትንሽ ዝዝ ይላል።

ጥገና የሚሠሩ አባል፦
ባዶ ክር ብቻ ከሆነ ነቱን፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በቦይ የሚያልፉበትን ቁራጭ፣ እይ። አራተኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫንና አንደኛው ፍሬት ላይ በቀስታ ንካው። ትንሽ ጠቅ የሚል ክፍተት መኖር አለበት።

ጠያቂው፦
ምንም ክፍተት የለውም፣ ተኝቷል።

ጥገና የሚሠሩ አባል፦
እንግዲያው የነቱ ቦይ ጠልቋል። ለዓርብ ክሩን አውጥተህ ቦዩ ውስጥ ስስ የወረቀት ቁራጭ አስገባ፣ ክሩን መልስና ቃኘው፣ ለአንድ ምሽት ይሸከምሃል። ሰኞ ነቱ ይቀየራል። ሳድሎቹንም ከዚያ በኋላ ነው የምንነካው፣ 17ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ 1.6 ሚሊ አድርገን እንጀምራለን።